አቶ እሺ

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሁለቱን ጠረጴዛ ነበር። መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተገጥመው ስለተቀመጡ ከሩቅ ላያቸው አንድ ይመስላሉ። በግራው መሐንዲሷ፣ በቀኟ ነዳፊው ይሠራሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ የሕንፃ ንድፍ ማውጣት ነው፤ እሷ ታሰላለች፣ እሳቸው ይስላሉ። በዕድሜ አባቷ ባይሆኑም ከታላቅ ወንድምነት አልፈዋልና "ጋሼ" ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ስሟን ወዲያ ትተው "ጎረቤት" ብለው ሰየሟት።

"ጎረቤት፣ ይሄ ግድግዳ የሚሸከመው ነገር አለ ወይስ ዝም ብሎ ነው የቆመው?" ይሏታል።

"እንደ አንዳንዱ ሠራተኛ ዝም ብሎ ነው የቆመው" ትላቸዋለች። ሁለቱም ወደ ሥራ አስኪያጁ በር ላለማየት እየታገሉ ይስቃሉ።

ምሳ አብረው ይበላሉ። ዝናብ የያዘ ቀን በሳቸው ጃንጥላ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸኟታል፤ የሳቸው አንድ ትከሻ ሁልጊዜ እንደራሰ ነው። የወንበሯ እግር ማታ ላልቶ ካደረ ጠዋት ጠብቆ ታገኘዋለች። ማን እንዳጠበቀው አይጠየቅም፣ ምስጋናም የለም። እንዲህ ያለ ጉርብትና ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጀርባ ያለው ስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። እሳቸው አንገታቸውን ከሥዕሉ ቀና አላደረጉም።

"ስልኩ እኮ ጠራ ጋሼ" አለቻቸው።

ፈገግ ብለው "አዎ፣ የዛሬውስ ሙቀት አያድርስ ነው" አሏት።

መሐንዲሷ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ቀደም ሲል የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣላት፤ ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን ማየታቸው፣ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ጥግ መርጠው መቀመጣቸው፣ የማይገናኝ መልስ ሰጥተው ነገሩን በቀልድ ማለፋቸው። የጋሼ ጆሮ እየከዳቸው ነበር። ለጡረታ አልደረሱም፣ "አይሰማም" የተባለ ነዳፊ ደግሞ ማን ያሠራዋል? ይህን ሁለቱም ሳይነጋገሩ ያውቁታል።

ከዚያን ቀን ወዲህ መሐንዲሷ አዲስ ልማድ አወጣች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የማውራት ጠባይ አለው። እሱ ሲጨርስ እሷ ፊቷን ወደ ጋሼ መለስ አድርጋ፣ ለራሷ የምታስታውስ መስላ፣ "እንግዲህ የጓዳው በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው ማለት ነው" ትላለች። ቁጥር ሲሆን ደግሞ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጣቶቿን ታነሳለች፤ ስድስት ከሆነ ስድስት፣ ሦስት ከሆነ ሦስት። ጋሼ ያያሉ፣ ወረቀታቸው ላይ ይጽፋሉ። እየቆየ ነገሩ ከእጇ ጋር ተዋሐደ። ፀጉሯን ከግንባሯ እንደመመለስ ሆነና ማድረጓንም ረሳችው። የጋሼ ሥዕል ስህተት የማይገኝበት ነው እየተባለ ዓመታት አለፉ።

በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሕንፃውን ሊለቅ ነው ተባለ። ሁሉም ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት በኢንተርኔት ስብሰባ ይደረጋል። ወሬው ሲሰማ ፎቁ ሠርግ ቤት መሰለ። ከሁሉም የተደሰተችው መሐንዲሷ ናት። እናቷ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበርና ጠዋት ትታቸው ስትወጣ ልቧ እቤት ይቀራል። ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ቢሮ ስትደርስ ግማሽ ጉልበቷ አልቋል። አሁን እናቷን እያየች፣ ከምግብ ጠረጴዛው ሳትነሳ ልትሠራ ነው።

ዕቃ በሚሰበሰብበት ቀን ጋሼ ማስመሪያዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ከተቱና ቆም አሉ።

"ጎረቤት፣ ስብሰባው ግን እንዴት ነው የሚሆነው?"

"በኮምፒውተር ነዋ ጋሼ። አልጋዎ ላይ ጋደም ብለው ይሰማሉ።"

"መልካም" አሉ። ካርቶናቸውን አንስተው ወረዱ። እሷ የጠረጴዛዋን መሳቢያ ባዶ እያደረገች ነበርና ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ቤት መሥራት ለመሐንዲሷ ተስማማት። ማንም ስለማያቋርጣት ድሮ ሁለት ቀን የሚፈጀውን ስሌት ባንድ ቀን ትጨርሳለች። የእናቷ እግር እየዳነ መጣ። የመሥሪያ ቤቱም ሥራ ጨመረ፤ ሥራ አስኪያጁ በየወሩ መጨረሻ የወጣውን ንድፍ ሲያነብ ድምፁ ውስጥ ኩራት ይሰማል። ውሸትም አልነበረውም። ቤት መግባት የጎዳው ሰው አለ ቢባል ማንም አያምንም ነበር።

ኢንተርኔቱ ስለሚከብድ ካሜራ አይከፈትም። ስብሰባው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የስም ድርድርና ድምፅ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለሥራ የሚያዘውንም በድምፅ ቀድቶ ይልካል፤ መጻፍ ጊዜ ይበላል ይላል።

መጀመሪያ ሰሞን መሐንዲሷ ለጋሼ ትደውል ነበር። አያነሱም። ቆይተው "ሥራ ላይ ነኝ ጎረቤት፣ ሰላም ነሽ?" ብለው ይጽፉላታል። እንደገና ትደውላለች፣ እንደገና አያነሱም። ተቀየመች። ከቢሮ ስንወጣ ከልባቸውም ወጣሁ ማለት ነው ብላ አሰበች። ሥራው ይበዛል፣ እናቷ ይጠራሉ፣ ቀኑ ይመሻል። መደወሉን ተወችው።

ስብሰባ ላይ ጋሼ ነገረ ሥራቸው ተለወጠ። የተጠየቁት ምንም ይሁን መልሳቸው አንድ ነው።

"ጋሼ፣ የትምህርት ቤቱ ሥዕል እስከ ሐሙስ ይደርሳል?"

"እሺ።"

"ጋሼ፣ ከሁለቱ ጣሪያዎች የትኛውን መረጡ?"

"እሺ።"

ወጣቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እነሱ ከቢሮው ዘመን በኋላ የተቀጠሩ ናቸው፤ ጋሼን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም፣ ጃንጥላቸውንም ትከሻቸውንም አያውቁም። "አቶ እሺ" አሏቸው። ስሙ ተጣበቀ። አንድ ቀን የቡድኑ የመልእክት መስመር ላይ አንዱ፣ "አቶ እሺን ቤትዎ እየተቃጠለ ነው ብንላቸው ምን ይላሉ?" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። መሐንዲሷም እያነበበች ሳቋ አመለጣት፤ እሷም አንዲት የምትስቅ ፊት አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጋሼ እዚያው መስመር ውስጥ እንዳሉ እንኳ ትዝ አላላትም።

ብዙ ሳይቆይ የቡድን መሪ ሆና ተሾመች። ጋሼ በጽሑፍ "እንኳን ደስ ያለሽ ጎረቤት፣ ይገባሻል" አሏት። እሷም "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለች። ከዚያ ሌላ አልተባባሉም።

የክሊኒኩ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሥራ አስኪያጁ በላከው ድምፅ የኮሪደሩ ስፋት መቶ ስልሳ ሳንቲሜትር ነው ብሏል፣ የሕመምተኛ አልጋ ከነገፊው እንዲዞርበት። ጋሼ መቶ ሠላሳ አድርገው ሣሉት። ሥዕሉን ማረም የመሐንዲሷ ድርሻ ነው፤ ነገር ግን የጋሼ ሥዕል ስህተት አይኖረውም ብላ ልኬቱን ሳታየው አሳለፈችው። ግድግዳው ከወገብ በላይ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀው። ፈረሰ።

በማግስቱ ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አልጨመረም፣ ግን ድምፁ ደርቋል።

"ጋሼ፣ መቶ ሠላሳ ያለዎት ማነው?"

ከዚያ የጋሼ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ማይኩ በጣም ተጠግቶ፣ "እሺ" አለ።

አንዱ ሳቁን ለማፈን ሲሞክር አፍንጫው አጋለጠው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባውን ዘጋና ለመሐንዲሷ ደወለ።

"ማስጠንቀቂያ ጻፊላቸው። አክብሬያቸዋለሁ፣ ግን ልባቸው እዚህ የለም።"

"እኔም እኮ ሳላየው አሳልፌዋለሁ" አለች።

"አንቺ ስንቱን ታያለሽ? ጻፊ።"

ጻፈች። "በሥራ ላይ በሚታይ ትኩረት ማጣት" የሚል ነበረበት። ቃሉን ሦስት ጊዜ አለሳለሰችው፣ ለስልሶም ያው ነው። ላከችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት እንደተለመደው ስብሰባ ላይ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ የአዲስ መጋዘን ልኬት እየጠራ ነበር። እናቷ ከወዲያ ማዶ ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይመለከቷታል። ሲያዩዋት ሲያዩዋት ቆይተው፣

"እኔ ምልሽ ልጄ፣ ለማን ነው የምትቆጥሪው?" አሏት።

"ምን እቆጥራለሁ እማዬ?"

"ጣትሽን ነዋ። ይሄ ሰውዬ ቁጥር በጠራ ቁጥር ጣትሽን ታነሻለሽ። ካሜራው ዝግ ነው አላልሽኝም? ደግሞ ወደ ቀኝ ዞረሽ ብቻሽን ታወሪያለሽ። ቤት ከገባሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። የሥራው ደንብ ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

መሐንዲሷ እጇን አየች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አራት ጣቶቿ ቆመዋል። በቀኟ ባዶ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ የእናቷ ሻርፕ። ይህን ሁሉ ወር ለሻርፕ ስታመለክት ኖራለች። እጇ አልረሳም፤ የረሳችው እሷ ናት።

ያልተነሱት ስልኮች፣ እሺዎቹ፣ መቶ ሠላሳው፣ ሁሉም ባንድ ረድፍ ቆሙላት። ጥቁር ሰሌዳና ድምፅ ብቻ ባለበት ስብሰባ ላይ፣ የማንንም አፍ ሳያዩ፣ ጋሼ ከምን ይስሙ? ስልኳን አንስታ ልትደውል ካለች በኋላ ለማይሰማ ሰው እንደምትደውል ገባትና አስቀመጠችው። ልትጽፍላቸው ስትል የቡድኑ መስመር ላይ የሳቸው መልእክት ወጣ።

"በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ። ለሁላችሁም መልካም ሥራ ይሁንላችሁ።"

ከሥሩ አንዱ ወጣት "እሺ" ብሎ ጻፈ። ወዲያው አጠፋው፤ ግን ታይቷል።

ለሥራ አስኪያጁ ደወለች።

"ጋሼ እኮ አይሰሙም" አለችው።

"ምን ማለት ነው አይሰሙም?"

"ጆሯቸው። ድሮም አይሰሙም ነበር። እኔ ነበርኩ የምነግራቸው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ። "እኔ የማየው ቁጥር ነው። የሰው ፊት አላይም እዚህ። ሂጂ አናግሪያቸው። ይመለሱ፣ ሁሉንም በጽሑፍ እናደርግላቸዋለን።"

ከምሳ በኋላ ወጣች። ያን ያህል ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቤታቸውን አታውቀውም ነበር፤ አድራሻውን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቃ አገኘች። ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ ምድር ቤቱ የመስታወት መቁረጫ የሆነ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የከፈቱላት ባለቤታቸው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል።

"ጎረቤት ነሽ አይደል?" አሉ ገና ሳትናገር። "ግቢ፣ ግቢ። ወሬሽን ስሰማ ነው የኖርኩት።"

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ተነሡ። የማዳመጫ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አለ፣ አዲስ፣ ገና ያልተለማመዱት።

"እንደምን ዋሉ፣ መሐንዲስ" አሏት። "ይቀመጡ።"

አንቱ አሏት። ከዚያን ቀን በፊት አንቱ ብለዋት አያውቁም።

ባለቤታቸው ሳይጠየቁ ወሬውን ጀመሩት። ሆዳቸው ሞልቶ የሚያወሩለት ሰው ያጡ ይመስላሉ። "ይሄ መሣሪያ ጩኸቱን ያጎላል እንጂ ቃሉን አይለይላቸውም። ስብሰባው ሲሆን እኔ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። የሚባለውን እሰማለሁ፣ እሳቸው አፌን ያያሉ። የድምፅ መልእክቱንም እኔ ነኝ የምሰማላቸው። ስፌቴን ትቼ ነው። የናንተ ቃል ደግሞ ከባድ ነው፤ እንደሰማሁት እላቸዋለሁ እንጂ አይገባኝም። ስብሰባ ላይ ስማቸው ሲጠራ ሳልደርስላቸው እሺ ይላሉ።" ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። "እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ምን ላይ ነው ያጠፉት? ብጠይቃቸው የሥራ ጉዳይ ነው ብለው ዝም። አንቺ ታውቂያለሽ።"

"የኮሪደሩ…" ብላ ጀመረችና ወደ ጋሼ አየች።

ጋሼ አፏን እያዩ ነበር። ፊታቸው ተለውጧል። ራሳቸውን፣ ባለቤታቸው በማያዩት መጠን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አነቃነቁ።

ያኔ ገባት። ስልሳን ሠላሳ ብለው የሰሙት ጋሼ አይደሉም። እሳቸውማ ምኑን ሰምተው። ማስጠንቀቂያውን የተቀበሉት፣ በሰው ሁሉ ፊት እሺ ያሉት፣ ሥራቸውን የለቀቁት እኚህ ሴትዮ እንዳያውቁ ነው።

"ስህተቱ ከእኛ ነው እትዬ" አለች። "ልኬቱን ቀየርንና ሳንነግራቸው ቀረን።"

ሴትዮዋ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "እኔማ እኔ አበላሽቼባቸው ይሆን እያልኩ ነፍሴ ስትጨነቅ ነው የሰነበተችው። ተመስገን። ሻይ ላምጣላችሁ።" ገቡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። መሐንዲሷ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ሆነች፤ አፏን እንዲያዩ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ጋሼ፣ ይመለሱ። አናግሬዋለሁ፤ ሁሉም በጽሑፍ ይሆናል።"

"አሁን ሁሉም ያውቃል ማለት ነው?"

"ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው የነገርኩት።"

"ደግ አደረጉ። ግን አልመለስም።"

"ለምን አንቱ ይሉኛል?"

"አለቃዬ ነበሩ እኮ" አሉ። ሽሙጥ የለበትም። እንደ እውነት ነው ያሉት፣ ያ ነው የባሰባት።

"ስለ ማስጠንቀቂያው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ስለሳቁብዎትም…"

"የሳቁት ልጆች ናቸው። አያውቁኝም፣ አልፈርድባቸውም። ሳቁንም አልሰማሁትም።" አንገታቸውን ደፉ። "ያንቺን ግን አየሁት።"

መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባትም። ከዚያ ያቺ የምትስቅ ፊት ትዝ አለቻት፣ ከሥሯ የራሷ ስም።

አንድ ነገር ብቻ ነበራት የምትለው፤ እጄ ግን አልተወዎትም፣ እናቴ ምስክሬ ናት፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለባዶ ወንበር ጣቴን ሳነሳ ነበር የሚል። አፏ ድረስ መጣ። ግን ያን ሰዓት ማስተባበያ ይመስላል፤ ደግሞስ ያላዩትን ጣት ምን ያድርጉት? ዋጠችው። ሻይ መጣ። ስለ እናቷ እግር ጠየቋት፣ ድኗል አለች። ደስ ብሏቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ስትነሣ እስከ በር ሸኟት።

"ደህና ይግቡ" አሏት።

ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ልኬት በጽሑፍ ይላካል፤ እሷ ግድ ብላ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳን ሳይቀር ስህተት ቀነሰ ብሎ አመሰገናት። በጋሼ ቦታ አንድ ወጣት ነዳፊ ተቀጠረ፤ ፈጣን ነው፣ መልኩን አታውቀውም። የወጣው ንድፍ ከወር ወር ይጨምራል።

ለጋሼ በየሳምንቱ ትጽፍላቸዋለች። በአክብሮት ይመልሱላታል፤ ለአንድ አናጺ የቁም ሳጥን ሥዕል እየሠሩለት እንደሆነ፣ ጤናቸው ደህና እንደሆነ። ጎረቤት አይሏትም። አንድ ቅዳሜ ብርቱካን ገዝታ ሄደች። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው እንደቆሙ ቀሩ።

"ወጣ ብለዋል" አሉ ዓይኗን ሳያዩ። "ምን ጊዜ እንደሚመለሱ እንጃ።"

ጫማቸው በሩ ሥር ነበር፤ ያ ቢሮ የሚያደርጉት ቡናማው፣ ከጎኑም ነጠላ ጫማው። ውስጥ አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ጋሼ የሚያሰሙትን ድምፅ ራሳቸው አይሰሙትም።

መሐንዲሷ ብርቱካኑን ለሴትዮዋ ሰጠች። "ሰላም በሉልኝ" አለች። ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አንገታቸውን ነቀነቁ። በደረጃው ወረደች፣ መስታወት የሚቆርጠው ሰውዬ የሚያሰማውን ጩኸት አልፋ መንገድ ተሻገረች፣ አውቶቡስ ጠበቀች።

እቤት ስትገባ እናቷ በሁለት እግራቸው ቆመው ልብስ ሲያጥፉ አገኘቻቸው።

"አገኘሻቸው?" አሏት።

"አልነበሩም እማዬ" አለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ከፈተች።